ዋስ የሌላት እቁብተኛ

የመሥሪያ ቤት እቁብ ማኅተም የለውም። ሕግ ክፍል አያውቀውም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። እኔ የምሠራበት ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል እቁብ ግን ደብተር ነበረው፤ ያውም ጠራዦቹ ለራሳቸው የሠሩት። ገጾቹ በክር ተሰፍተዋል፣ ጀርባው ጥቁር ጨርቅ ለብሷል፣ ጠርዙ በመቁረጫው ማሽን ተስተካክሏል። የደንበኛ መጽሐፍ በሙጫ ብቻ ተጣብቆ በሚወጣበት ቤት የእቁብ ደብተር በእጅ መሰፋቱን ሳይ፣ ሰዎቹ ነገሩን ምን ያህል ያከብሩት እንደነበር ገባኝ።

ሥራ ስገባ እቁቡ ቆሟል፤ ወሬው ግን አልቆመም። ደመወዝ በገባ ቀን ሁሉም ስልኩን አየት አድርጎ ኪሱ ይከታል፤ አንዱ "ድሮ ቢሆን ይሄኔ ዕጣ እናወጣ ነበር" ይላል፤ ሌላው ይቀበለዋል። ማን መቼ እንደደረሰው፣ በደረሰው ምን እንዳደረገ በቃላቸው ያውቃሉ። አንዷ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዱ የቤቱን ቆርቆሮ፣ ሌላው የእናቱን ተዝካር የተወጣው በዚያ እቁብ ነው። ሁሉም ይናፍቀዋል፣ ማንም ግን አይጀምረውም። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በየመልሱ ውስጥ ግን ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው አለ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ደመወዝ በእጅ ይከፈላል። ሠራተኛው ከገንዘብ ያዥዋ መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ፔሮሉ ላይ ፈርሞ፣ ብሩን ቆጥሮ ይቀበላል። ከመስኮቱ ወደ ጥረዛ ክፍል ሲመለስ መጀመሪያ የሚያገኘው የመቁረጫውን ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊው ተቀምጠዋል። ብሩ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ሱቅ ሳያየው፣ አበዳሪ ሳያገኘው እቁቡ ይጣላል። ጸሐፊው ከስሙ ትይዩ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ የደረሰው ሰው ዋሱን ጠርቶ ደብተሩ ላይ ያስፈርማል። የእቁቡ ጉልበት ከሰዎቹ ደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የመስኮቱና የጠረጴዛው ቅርበትም ነበረበት።

ደብተሩን ገልብጬ ካየሁት ሁሉ የገረመኝ የዋሶቹ ዓምድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ወርሃዊው መዋጮ 50 ብር ነበር፤ በመጨረሻዎቹ 500 ደርሷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልተለወጠው አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ከስሙ አጠገብ "አዲስ" ተብሎ መጻፉና ከጎኑ የሌላ ሰው ፊርማ መስፈሩ ነው። ዛሬ "የጥንቱ ሰው" የሚባሉት ሁሉ አንድ ገጽ ላይ "አዲስ" ናቸው። ዳኛው ራሳቸው፣ ከመቁረጫው ማሽን ጋር አብረው ያረጁት ጋሼ፣ በሦስተኛው ገጽ "አዲስ" ናቸው።

ይህን ሳይ እቁብንና እድርን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ የአያት የቅድመ አያት ቅርስ አድርገን ነው የምናወራቸው፤ ከገጠሩ ከደቦና ከወንፈል ጋር አንድ ላይ እንቆጥራቸዋለን። የከተማው እቁብና እድር ታሪክ ግን ከሁሉ በፊት የመጤ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከነዋሪዋ ብዙው ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተከትሎ ሌላ መጤ መጣ። አገሩ ቢሆን የሚቀብረው ዘመድ፣ የሚያበድረው አጎት፣ የሚመሰክርለት ጎረቤት የነበረው ሰው ከተማ ሲገባ ሦስቱንም አጣ። ባንክ አልነበረም አይባልም፤ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፍቷል። ግን መያዣ ለሌለው ኩሊና ለችርቻሮ ነጋዴ የባንክ በር የተከፈተም የተዘጋም አንድ ነው።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ከተሜው ዘመድ መሥራት የጀመረው። ከጉራጌ አገር መጥተው በአዲስ አበባ ንግድና ጉልበት ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ለእድርም ለእቁብም መስፋፋት የነበራቸው ድርሻ ትልቅ ነው። የጣልያን ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ብዙ ቤተሰብ በትነው ብዙ ሰው አፈናቀሉ፤ ከነጻነት በኋላም እድር በከተማው ሰፈር ለሰፈር ተዳረሰ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ ስለ መረዳጃ ልማዶቻችን በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ሲጽፉ፣ አስፋው ዳምጤም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ እቁብን ለብቻው ርእስ አድርገው ጽፈዋል። ነገሩ በዚያን ጊዜ ምሁር ወረቀት የሚያነሣለት የከተማ ተቋም ሆኗል ማለት ነው።

ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። ወንጂን እንውሰድ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር፣ ሸንኮራ የሚቆርጡት አብዛኞቹ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ነበሩ፤ ሰፈሩ የኩባንያው፣ ቤቱ የኩባንያው፣ ሐኪሙም የኩባንያው። እዚያ ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው? ማን ለአገሩ መርዶ ይላክለት? እድር ሳይኖር የሚሆን ነገር አልነበረም። እድር ካለ ደግሞ ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ በወር አንድ ጊዜ ሕጋዊ ምክንያት ያለው ስብሰባ አለ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሰው በሙያው ማኅበር እንዲያቋቁም መብት ቢሰጥም፣ ለሠራተኛ ማኅበር መመዝገቢያ ሕግ ገና አልወጣለትም። ስለዚህ በወንጂም በሌሎች ፋብሪካዎችም የሠራተኛው አቤቱታ በመረዳጃ ማኅበሩ ጥላ ሥር አደገ። ለለቅሶ የተሰበሰበው ሰው ስለ ደመወዝም ያወራል፤ ለቀብር ያዋጣው ሰው ለተባረረ ጓደኛውም ያዋጣል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210ም በ1956 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ሠራተኛው መዋጮ መሰብሰብን፣ ሒሳብ መያዝንና ዳኛ መምረጥን ከእድሩ ተምሮ ጨርሶ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ አገሩን ያቆመው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የተጠራው በዚህ ማኅበር ነው።

እቁብ ከእድር የሚለየው ሞትን የማይጠብቅ በመሆኑ ነው። እድር ለክፉ ቀን ነው፤ እቁብ ቆርቆሮ ለመግዛት፣ ልጅ ለማስተማር፣ ሚስት ለማግባት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ በየተራ አንድ ሰው ሁሉንም ይወስዳል። ሒሳቡን ጠጋ ብሎ ላየው ግን አባላቱ እኩል አይደሉም። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ከጓደኞቹ ያለወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የወጣለት ለጓደኞቹ ያለወለድ አበድሯል። መሀል ያሉት ግማሹን ተበዳሪ ግማሹን አበዳሪ ናቸው። አደጋው ያለው ቀድሞ በወሰደው ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ ዋስ የሚጠየቀው እሱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዋስትና የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 1920 ይጀምራል፤ የእቁብ ዳኛ ቁጥሩን ባያውቅም ሐሳቡን ጠንቅቆ ያውቃል። ባለዕዳው ከጠፋ ዋሱ ይከፍላል፤ አለቀ።

የእኛ ክፍል እቁብም የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ያ ስሙ የማይነሣው ሰው ዕጣው ቶሎ ወጣለት፣ ብሩን ወሰደ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዋሱ የቀረውን ሁሉ ከደመወዙ ከፈለ። ማንም አልተበደለም፣ እቁቡም ተሟልቶ ተዘጋ። ሆኖም ዋሱ በሚቀጥለው ዙር "እኔ የለሁበትም" አለ፤ እሱን ያየ ሌላው ዋስ ለመሆን ፈራ። ቀጥሎ ደመወዝ በባንክ መግባት ጀመረ፤ ገንዘብ ያዥዋ መስኮቷን ዘጋች፣ ጠረጴዛው ያለ ብር ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለክል፣ የነበረችው ቡናም ቆመች። በላዩ ላይ ዋጋ ናረ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ፣ "መጨረሻ የሚደርሰው ሰው የሚያገኘው ብር ግማሹን ነው" የሚል ሒሳብ በየጠረጴዛው ይሠራ ጀመር። አንዱ ብቻ ቢሆን እቁቡ ይችለው ነበር፤ አራቱ ተደራርበው መጡበት።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። አይቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት እኔም ዝም እል ነበር። የቆዩት ሠራተኞች እርስ በእርስ የሚያውቁት ነገር በዛባቸው፤ ማን ለማን ዋስ መሆን እንዳልፈለገ፣ ማን ማንን እንደጠረጠረ ያስታውሳሉ። አዲስ ሰው ግን ቂሙን አልወረሰም፤ የሚያውቀው ደመወዙ ሳምንት እንደማይሻገርለት ብቻ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ከተማ የቅርብ ጎረቤቶቼ እነሱ ነበሩ።

ሐሳቡን ለጋሼ ሳነሣ መቁረጫውን አጥፍተው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "እሺ እንጀምር እንበል። አንቺን ማን ይዋስሻል? ማን ያውቅሻል?"

"ማንም። ስለዚህ የመጨረሻውን ዕጣ ስጡኝ።"

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ሳቁ። "መጨረሻ የሚወስድ ሰው ዋስ አያስፈልገውም። እኛ ነን ለአንቺ ዋስ የምንጠራው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲገቡ ማን ዋስ ሆነዎት?"

መልሱን ከደብተሩ አውቄው ነበር፤ ከአፋቸው መስማት ስለፈለግሁ ጠየቅሁ። ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ እትዬ ነበሩ። ጋሼ ከሰላሌ መጥተው ሥራ ሲይዙ እትዬ የሚያውቋቸው በሰላምታ ብቻ ነበር። "እንዲያው ዝም ብለው ፈረሙ" አሉኝ። በማግስቱ ጋሼ ራሳቸው ከሰው ሰው እየዞሩ ስም መመዝገብ ጀመሩ። እኔ ብዞር ኖሮ "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች" እባል ነበር። አዲስ ሰው ነገር መጀመር ይችላል፤ የሚያስቀጥለው ግን ነባሩ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ደንቡ ላይ ነው። የድሮው ዙር ከዓመት በላይ ይሄድ ነበር፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ይህን ያህል የሚጠብቅ አይገኝም። ስለዚህ ዙሩ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በ12 ዕጣ እንዲያልቅ ተስማማን፤ ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ዕጣም የላትም። ሙሉ ዕጣ በወር 2,000 ብር፣ ግማሽ ዕጣ 1,000፣ ሩብ ዕጣ 500 ሆነ፤ የደረሰው ሰው ወይም ቡድን 24,000 ብር ይወስዳል። በድሮው ደብተር ሩብ ዕጣ አልነበረም። ሩቡ ሲገባ የጽዳት ሠራተኞቹም ገቡ፤ በዚያ ቤት ከብዙዎቻችን ቀድመው የተቀጠሩ ሴቶች ናቸው፣ ደመወዛቸው ግን ለሙሉ ዕጣ ደርሶ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዕጣዎች የሚወስዱ የዓመቱን ቡናና ስኳር እንዲችሉ ተወሰነ። ዋጋ ንረቱን አይክስም፤ ቢሆንም ቀድሞ የወሰደ ሰው ለጠበቁት ጓደኞቹ ዕዳ እንዳለበት በየወሩ ቡናው ያስታውሰዋል። ከድሮው ሳይነካ የቀረው አንድ ደንብ ነው፦ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ወይም የወለደች ሴት ካለች፣ የዚያ ወር ብር ያለዕጣ በስምምነት ይሰጣል።

ወጣቶቹ የማሽን ሠራተኞች ሁሉም ነገር በስልክ ይሁን አሉ። ብሩ በቴሌብር ይላክ፣ ዕጣውንም መተግበሪያ ያውጣው፤ ዲጂታል እቁብ የሚያሠራ መተግበሪያ እንዳለ አሳዩን። ጋሼ መተግበሪያውን አገላብጠው አዩና "ይሄ ዋስ ይጠራል?" ብለው ጠየቁ። በመጨረሻ ለሁለት ከፈልነው። ብሩ ደመወዝ በገባ ቀን እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ለአዲሷ ጸሐፊ በስልክ ይላካል፤ ዕጣው ግን በጠረጴዛው ላይ፣ በሰው ፊት ይወጣል። የተዘጋውን መስኮት ልንመልሰው አንችልም፤ ጠረጴዛውን ግን መለስነው።

የመጀመሪያው ዕጣ የወጣ ቀን ጋሼ ያደረጉትን ማየት ነበር። ከመጽሐፍ ጠርዝ የተረፈ ነጭ የወረቀት ቁራጭ አነሡ፣ መቁረጫው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ፣ መጭመቂያውን አወረዱ፣ ምላጩን ለቀቁ። ለጥቂት ብጣሽ ወረቀት ያን የሚያህል ማሽን ተነሣ። ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። "በመቀስ ከተቆረጠ አንዱ ይሰፋል አንዱ ይጠባል፤ እጅ ያውቃል" አሉ። ቁጥሩን አንድ ሰው በአንድ እስክሪብቶ ጻፈው። እያንዳንዱ ብጣሽ ሁለት ጊዜ ታጠፈ፣ እጥፋቱ በአጥንት ማጠፊያ ታሸ፣ ባዶ የሙጫ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮውን የነቀነቀችው ጸሐፊዋ፣ ያወጣችው ከጽዳቶቹ አንዷ ናት፤ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አድርጋ እጇን ሰደደች። ዕጣው ለሁለት ግማሾች ወጣ፤ አንደኛው ያ በድሮው ዙር ዋስ ሆኖ የከፈለው ሰው ነበር። ማንም ምንም አላለም። ዋስ ጥራ ሲባል ዙሪያውን አየ፤ ጋሼ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ስበው ፈረሙለት።

ያን ዓመት ዙሩ ነሐሴ ላይ ሲዘጋ የመጨረሻው ዕጣ የእኔ ነበር። እንደ ተወራው የብሩ አቅም ወርዶ ነበር፤ በመስከረም ያስያዝኩት ፍሪጅ በነሐሴ ሌላ ዋጋ ጠየቀኝ። ሆኖም በዓመቱ ውስጥ ያገኘሁት ሌላ ነገር አለ። በየወሩ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ሲቀበል ወደ እኔም ያይ ነበር፤ እስከ መጨረሻው የሚጥልለት ማን እንደሆነ ያውቃል። ለአሥራ አንድ ዕጣ አበዳሪ የሆነችን ሴት አዲስ ገቢ ነሽ ብሎ የሚያልፋት የለም።

አሁን ደንቡ በአዲስ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ እሱም በክር የተሰፋ ነው። አዲስ ገቢ ሠራተኛ የመጨረሻውን ዕጣ ከመረጠ ያለዋስ ይገባል፤ ቀድሞ መውሰድ ከፈለገ ዋስ ያቀርባል። በዚህ ዓመት ማጠፊያ ማሽኑ ላይ የተቀጠረ ልጅ እናቱን ለማሳከም ከመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች አንዱን በስምምነት ጠየቀ። ዳኛውም ተሰብሳቢውም እሺ አሉት፤ ዋስ ግን ከየት ያምጣ? ከማጠፊያው አጠገብ ስለምሠራ መጥቶ ጠየቀኝ። የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ አስቦ እንደሆነ ጠየቅሁት። የመጨረሻውን ጥያቄ ሲመልስ ትንሽ ዘገየ፤ "ካገኘሁማ እሄዳለሁ፣ ግን እየላክሁ እጨርሳለሁ" አለኝ። እውነቱን መናገሩን ወደድኩለት። ባይልክ ግማሽ ዕጣው፣ በወር 1,000 ብር፣ እስከ ነሐሴ ከእኔ ደመወዝ ይሄዳል። እትዬም ለጋሼ ብዕር ሲያነሡ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ፈረምኩ።